ገንፎ የተፈረደበት አልበም

እስቲ ስሙኝማ። ከለንደን በስተምዕራብ ሬዲንግ የምትባል ከተማ አለች። ኒል ሃልስቴድና ሬቸል ጎስዌል ከልጅነታቸው ይተዋወቁ ነበርና እዚያው ሬዲንግ፣ በ1989 እ.ኤ.አ.፣ ስሎውዳይቭ የተባለውን የሮክ ባንድ መሠረቱ። ሦስት ጊታር፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ እግር ሥር ደግሞ ድምፁን ማሚቶ የሚያለብስ የፔዳል መዓት።

ለሁለተኛ አልበማቸው 40 የሚያህሉ ዘፈኖች ደርድረው ለአሳታሚያቸው ለክሪኤሽን ሪከርድስ አለቃ ለአለን ማጊ አሰሙት። ሰውየው ሁሉንም ዓይናችሁን ላፈር አላቸው። ቅስማቸው ተሰብሮ ሙዚቀኛና ፕሮዲውሰር የሆነውን ብራያን ኢኖን ተማጸኑ። እሱም ፕሮዲውሰር አልሆንም፣ አብሬያችሁ ግን እጫወታለሁ አለ። ስቱዲዮ እንደገባ መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? የግድግዳውን ሰዓት ነቅሎ ሚክሰሩ አጠገብ አስቀመጠ። ከዚያም ኒልን፣ አንተ ያሻህን ተጫወት፣ እኔ እቀዳለሁ አለው። በሁለት ዘፈኖች ላይ እጁ አለበት።

በዚያው ሰሞን የኒልና የሬቸል ፍቅር አክትሞ ነበር። ኒል ብቻውን ዌልስ ገጠር ገብቶ ከረመ፤ ሲመለስ «ዳገር» የተባለውን ዘፈን ይዞ መጣ።

አልበሙ፣ «ሱቭላኪ»፣ በ1993 ወጣ። የእንግሊዝ ጆሮ ያኔ ሌላ ነገር ፈልጓል፤ ማጊ ራሱ በዚያው ዓመት ነው ኦአሲስ የተባለውን ባንድ ያገኘው። ሜሎዲ ሜከር የተባለው የሙዚቃ መጽሔት ሃያሲ ይህን አልበም ደግሞ ከመስማት ገንፎ በሞላበት ገንዳ ሰምጦ መሞት እንደሚሻለው ጻፈ። እኛ ዘንድ ገንፎ የአራስ ቤት ደስታ ነው፤ ሰውየው ምን እንዳደረገው እንጃ! ብቻ ሳምንታዊ መጽሔት ለማድረስ የሚሮጥ ሰው ይህን አልበም የሚለምድበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

መጀመሪያ ሲሰሙት ጉም ነው። ጊታሩ ዘፋኞቹን ውጧቸዋል፤ የሚሉት አይለይም። እኔም ዝም ብዬ ባስቀምጠው፣ አንድ ምሽት ሳህን ሳጥብ «ዌን ዘ ሰን ሂትስ» አፌ ላይ መጣ። ተመልሼ ገባሁበት። እያደር «ሱቭላኪ ስፔስ ስቴሽን» ላይ የጃማይካን የደብ ሙዚቃ የሚመስለው ቤዝ ብቅ አለ፤ ዝግ ብሎ ይራመዳል፣ ጊታሩ ከበላዩ በማሚቶ ይመላለሳል። «አሊሰን» ላይ አንድ የሚመስለው ድምፅ ሁለት ነው፤ ሬቸል ከኒል ኋላ ተጠግታ ታጅበዋለች። መጨረሻ ላይ «ዳገር» ሲመጣ ጉሙ ይገፈፋል፤ ባዶ ሊባል ጥቂት የቀረው ጊታርና የኒል ድምፅ። ያን ሁሉ ሰምቶ የደረሰ ሰው ያኔ ይገባዋል፦ ከጩኸቱ ሥር የተቀመጠው ሊንጎራጎር የሚችል ዜማ ነው።

ክሪኤሽን በ1995፣ ሦስተኛው አልበም ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ አሰናበታቸው፤ ባንዱም ተበተነ። በ2014 ተመልሰው ተሰባሰቡ፣ በ2017ና በ2023 አዳዲስ አልበሞች አወጡ፤ ዛሬ የሚያዳምጧቸው ብዙዎች «ሱቭላኪ» ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ናቸው።

እናንተም ሞክሩት፤ አልበሙ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። በስልክ ስፒከር ግን አደራ አትስሙት፤ ቤዙ አይሰማም።