የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ምክር ቤት

በአማራ ክልል፣ በሰሜን ምሥራቅ ደጋና ቆላ የሚኖረው የኽምራ አገው ሕዝብ ራሱን የሚያስተዳድርበት ምክር ቤት፤ መቀመጫው ሰቆጣ። ዋግ ለዘመናት የዋግሹሞች ግዛት ነበር፤ የዛጉዌ ዘር ነን የሚሉት ገዥዎች ሹመቱን ይወርሱት ነበር እንጂ ማንም አይመርጣቸውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለብሔረሰቦች ራስን የማስተዳደር መብት ሰጠ፤ በ1994 የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥትም ለኽምራ፣ ለአዊና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር እውቅና ሰጠ። ምክር ቤቱ የአስተዳደሩን የሥራ ቋንቋ መወሰን ይችላል። የሕዝቡ ቋንቋ ለሆነው ለኽምጥኛ ተናጋሪዎች ከሥልጣኖቹ ሁሉ ትልቁ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በአገር ደረጃ ደግሞ ብሔረሰቦች በሚወከሉበት በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ በሚሊዮን ሕዝብ አንድ ይጨመርለታል። ወኪሉን የክልሉ ምክር ቤት ይመርጣል ወይም በሕዝብ ያስመርጣል። የተለመደው የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ በዋግ ኽምራ የዝቋላ ወይም የዳህና ወረዳ ገበሬ ድምፅ እዚያ የሚደርሰው ዞሮ ነው። አሜሪካም እስከ 1913 እ.ኤ.አ. ሴናተሮቿን የሚመርጡት የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ፤ በዚያው ዓመት የጸደቀው 17ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምርጫውን በቀጥታ ለሕዝብ ሰጠ። ሴኔቱ ግን ለእያንዳንዱ ግዛት እኩል ሁለት መቀመጫ ይሰጣል፤ የሚወክለው ግዛትን እንጂ ብሔረሰብን አይደለም።