ኡራ ኪዳነ ምሕረት፦ በዘጌ ደን የተከበበው ገዳም

በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ውኃው ዘልቆ የገባ፣ በደን የተሸፈነ ምድር አለ፤ ዘጌ ይባላል። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የተጓዘ ሰው በዚህ ልሳነ ምድር የሚገኙትን ጥንታውያን ገዳማት ያገኛል። ከእነዚህም መካከል ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሥዕሎቹ የታወቀ ነው። በየብስም ወደ ዘጌ የሚያደርስ መንገድ አለ።

ከጀልባ መውረጃው እስከ ገዳሙ ያለው የእግር መንገድ በቡና ተክል መካከል ያልፋል። በአካባቢው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ከፍለው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ። ሕዝቡም ሳያርስና ከብት ሳያረባ እንዲኖር ቃል ኪዳን እንደተሰጠው ይነገራል። በዚህ ሥርዓት የተነሣ ምድሪቱ ሞፈርና ቀንበር ሳያርፍባት፣ ደኗም ሳይመነጠር ለትውልድ ተላልፏል።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው። የመቅደሱን ግድግዳ በጨርቅ ላይ የተሣሉ ሥዕሎች ይሸፍኑታል። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የእመቤታችን ተአምራትና የቅዱሳን ገድል በሥዕሎቹ ይታያሉ። ፊደል ያልቆጠረ ምዕመን ታሪኩን በዓይኑ የሚያነበው በእነዚህ ሥዕሎች ነበር።

ወደ ኡራ ሴቶችም ይገባሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለወንዶች ብቻ የተፈቀዱ ናቸው። ጎብኚ ጫማውን አውልቆ፣ ልብሱን አስተካክሎ ይገባል። መቅደሱ የካህናትና የዲያቆናት ብቻ ነው። ብልጭታ ያለው ፎቶግራፍ ቀለሙን ስለሚጎዳ መተው ይገባል። በአጽዋማት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን በእነዚያ ወራት ጠዋት መሄድ ይመረጣል።

ገዳሙ የጸሎት ቤት እንጂ ቤተ መዘክር ብቻ አይደለም፤ ኑሮውም ከደኑ ጋር የተሳሰረ ነው። የዘጌ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ዛፉ ለማገዶ በተቆረጠ ቁጥር ቡናው ለፀሐይ ይጋለጣል፣ አፈሩም በጎርፍ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ዩኔስኮ የጣናን ሐይቅና አካባቢውን በ2015 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል፤ ይሁን እንጂ የደኑ የቅርብ ጠባቂ ነዋሪው ነው። ከገበሬው እጅ ቡና የሚገዛ ጎብኚ ዛፉ ቆሞ ገቢ እንዲያስገኝ ያግዛል፤ ዛፉ ከቆመ ደግሞ የገዳሙ ጥላም አይነጠቅም።