የስሜንን መንገድ ማን አወጣው?

ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት አምስቱ ጥያቄዎች አይጠፉበትም፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። ስለ ስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ የተጻፈ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ግን አንዷ ጥያቄ ተዘልላ አገኛታለሁ። «የት?» የሚለው በደንብ ይመለሳል። ከደባርቅ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ፣ ከዚያ ቧሂትን አልፎ፣ የመሸሃን ሸለቆ ወርዶ ራስ ደጀን። «ምን?» የሚለውም ሞልቷል። ከታች የአስታ ጫካ፣ ከላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ፣ በየገደሉ ዋልያ፣ በየሜዳው ጭላዳ። ከፍታውም በሜትር ተለክቶ ይሰጣችኋል፤ ራስ ደጀን 4,533።

«ማን?» የምትለዋ ግን የለችም። ለመሆኑ ይህን መንገድ ማን አወጣው?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በኛ የምትፈልጉ ሰባት ወይ ስምንት ቀንሱ!)

መንገዱ ከፓርኩ ይቀድማል

ብዙዎቻችን መንገዱን ለቱሪስት ተብሎ የተጠረገ ይመስለናል። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1969 ነው። መንገዱ ግን በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጠዋል።

በቀይ ባሕር ዳር፣ በአዱሊስ ወደብ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያቆመው የድንጋይ ዙፋን ነበር። ድንጋዩ ዛሬ የለም። ጽሑፉን በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦ ባያስቀርልን ኖሮ ምንም አናውቅም ነበር። የንጉሡ ስም ያለበት ክፍል አልደረሰንም፤ ዘመቻው ግን ደርሶናል። ወንዙን ተሻግሮ (እሱ ናይል ይለዋል፣ የታሪክ ሰዎች ተከዜ ነው ይላሉ) የስሜንን ሰዎች እንደወጋ፣ አገራቸው ውርጭና በረዶ እንደሆነ፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይናገራል። እንግዲህ ከቀደሙት የስሜን የጉዞ ማስታወሻዎች አንዱ የዘማች ነው ማለት ነው።

ከዚያም በኋላ ዳገቱን የወጡት ለመዝናናት አልነበረም። የስሜን አምባዎች የቤተ እስራኤል ምሽጎች ነበሩ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አፄ ሱስንዮስ መሪያቸውን ጌዴዎንን ለመውጋት ጦራቸውን ወደዚያ አዘመቱ። በ1830ዎቹ ኤድዋርድ ሩፕል የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ስሜንን አቋረጠና ዋልያን ለአውሮፓ ሳይንስ አስተዋወቀ። (ለስሜን ገበሬ ዋልያ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሳይንሳዊ ስሙ ላይ ያለው «ዋልያ»ም ከዚሁ አገር የተወሰደ ነው።) በ1855 ደግሞ ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት ያሠሯት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሌላ ንጉሥ አነገሠች። ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑባት። የሰው ድግስ ላይ መሞሸር ይሏል ይሄ ነው!

መኪና የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው። በ1930ዎቹ የሊማሊሞን ገደል እየጠረበ ጎንደርን ከአሥመራ አገናኘ። በዚያው አናት ላይ፣ ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦርም እጁን የሰጠው በመስከረም 1941 ነው።

ከነዚህ ሁሉ መሃል ስሙ የማይጠራ አንድ ሰው አለ። ገብሱን በበቅሎ ጭኖ ገበያ የሚወርደው፣ ከብቱን ወደ ላይኛው ግጦሽ የሚነዳው፣ ሬሳ ተሸክሞ ወደ ደብር የሚያልፈው ገበሬ። ጦርም ሆነ ተመራማሪ የተከተለው የሱን ዱካ ነው። ዛሬ ትሬኪንግ የምንለው መንገድ አብዛኛው ይኸው የበቅሎ መንገድ ነው።

ዋልያው ሲቆጠር

1960ዎቹ ላይ ጭንቀት መጣ። ዋልያ የሚኖረው በዓለም ላይ በስሜን ብቻ ነው፤ የቀረውም ጥቂት መቶ እንኳ እንደማይሞላ ተገመተ። ክላይቭ ኒኮል የተባለ ዌልሳዊ ከ1967 እስከ 1969 የመጀመሪያው የፓርክ ኃላፊ ሆኖ ሠራ፤ በኋላም ስለዚያ ቆይታው መጽሐፍ ጻፈ። በ1969 ፓርኩ ታወጀ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። ኩራት ነው፣ አይካድም።

ግን ልብ በሉ። ላሊበላን ሲመዘግቡ የተቆጠረው ሰው የሠራው ነው። ስሜን ላይ ሰውየው ራሱ እንደ ችግር ተቆጠረ። በደርግ ጊዜ ከፓርኩ ውስጥ በግዳጅ የተነሡ ነበሩ። ቀጥሎ በአካባቢው የእርስ በርስ ጦርነቱ በረታ። በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው፤ ምክንያቶቹ የዋልያ መመናመን፣ የሰው ሰፈራና በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መኪና መንገድ ነበሩ። ፓርኩ ወሰኑን ቀየረ፤ አንዳንድ መንደሮችን ወደ ውጭ አወጣ፣ ወደ ስልኪና ራስ ደጀን ደግሞ ሰፋ፤ ከ136 ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 412 አደገ።

ግጭ ግን መሃል ላይ ነበረች። በ2016 ከ400 በላይ አባወራ ከግጭ ተነሥቶ ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍር ተደረገ። በ2017 ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ሁለቱን ዓመቶች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጣችሁ አንብቧቸው። ለኛ ዜናው ሁለተኛው ነበር።

ጥያቄው ቀላል አይደለም

እዚህ ላይ ገበሬውን መልአክ፣ ፓርኩን ሰይጣን ማድረግ ይቻላል። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ገብስ ሲታረስ አፈሩ ይታጠባል። በ1970ዎቹ እዚያው ፓርክ የሠራው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ይህን አጥንቶ አሳይቷል። ከብት በበዛበት ዋልያ ይሸሻል። ይህን የሚክድ ሰው ስሜንን አልወደደም።

በሌላ ወገን ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ የስሜንን ታሪክ ይዞ ይሞግታል። አውሮፓ ውስጥ ተራራ ላይ የሚያርስና የሚያግድ ገበሬ የቅርሱ አካል ተብሎ ሲከበር አፍሪካ ውስጥ ለምን አጥፊ ይባላል? ይላል። በሁሉም ነገር ባንስማማ እንኳ ጥያቄው መልስ ይፈልጋል።

ከራሳችን አገርም ሌላ ምሳሌ አለን፤ የመንዝ ጓሳ። እዚያም ደጋ ነው፣ እዚያም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለ። ሣሩን ለዘመናት የጠበቀው ግን የመንዝ ሕዝብ ራሱ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በመረጣቸው አለቆች እየተዳደረ ቦታውን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲብስ ይከፍተዋል፤ ያኔ ያጭዳል፣ ያግዳል፣ ቤቱን ይከድናል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ በኋላ ግን ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ጥበቃውን ቀጠለ። ሰው ካለበት ተፈጥሮ አይኖርም የሚለውን ነገር መንዝ አልሰማም።

እኛስ?

በየሳምንቱ መጨረሻ ጫማውን አጥልቆ ከአዲስ አበባ እንጦጦን፣ መናገሻን፣ ወንጪን የሚወጣ ወጣት በዝቷል። ደስ ይላል። ስሜን ደግሞ የብዙዎቻችን ሕልም ነው። ከ2020 ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት መንገዱ ላይ የሚኖረው መሪ፣ በቅሎ ጫኝ፣ ወጥ ሠሪና ስካውት እንጀራው ተቋርጦበታል። ተራቸውን ጠብቀው ከሚጭኑት መካከል አባቶቻቸው ያንኑ መንገድ ገብስ ጭነው የሄዱበት አሉ።

ስለዚህ ሰላም ወርዶ የምትሄዱ ቀን ግጭ ሜዳ ላይ ስትደርሱ «ድንግል ተፈጥሮ!» ብላችሁ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቆም በሉ። የቆማችሁበት ሜዳ ድንግል አይደለም። ታርሷል፣ ታግዶበታል፣ ተወልዶበታል፣ ተቀብሮበታል። ዝም ያለው ሰዎቹ ስለተነሡ ነው። በቅሎ ጫኙን «ጋሼ፣ የየት ሰው ነዎት? ይሄ ቦታ ማን ይባል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። አቀበቱን፣ ምንጩን፣ ማረፊያውን በስም በስሙ ይነግራችኋል። እነዚያን ስሞች መዝግባችሁ ብትመለሱ ከሁሉም ፎቶ ይበልጣሉ፤ ስሞቹን የሚያውቁት እያለፉ ነውና።

ዋልያው መቆጠሩ ተገቢ ነው። መንገዱን ያወጡትም ይቆጠሩ።

ቸር ያሰማን!