የዘር ፍሬ ከረጢት፦ አሠራሩ፣ ተግባሩና አስቸኳይ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች

የዘር ፍሬ ከረጢት ከወንድ ብልት ሥር የሚገኝ፣ ከቆዳና ከስስ ጡንቻ የተሠራ አካል ነው። ውስጡ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን በእያንዳንዱ ክፍል አንድ የዘር ፍሬ (ቆለጥ) ይገኛል። ብዙውን ጊዜ የግራው ከቀኙ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ይህም ጤናማ ነው።

የዘር ፍሬ ሥራውን በአግባቡ የሚያከናውነው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። ስለሆነም ከረጢቱ በብርድ ጊዜ ተኮማትሮ ወደ ሰውነት ይጠጋል፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ላልቶ ይወርዳል።

ድንገተኛና ብርቱ ሕመም፣ በተለይም በልጆችና በወጣቶች ላይ ሲከሰት፣ የዘር ፍሬው ተጠማዞ የደም ዝውውሩ መቋረጡን ሊያመለክት ይችላል። የዘር ፍሬውን ለማዳን በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ማግኘት ወሳኝ በመሆኑ፣ ማሸት ወይም ማስታገሻ ወስዶ መጠባበቅ አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ሕመም የሌለው እብጠት ውሃ መቋጠር፣ ቡአ ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል። በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈው የዝሆኔ በሽታ ዓይነትም ከረጢቱ ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋል፤ ይህም በቀዶ ሕክምና ይታከማል። በመሆኑም ማንኛውም እብጠት ያስተዋለ ሰው በሐፍረት ሳይሸሽግ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ቀርቦ እንዲመረመር ይመከራል።