የፎረንሲክ ሕክምና፦ ከውኃ የወጣ አስከሬን ለምን ይመረመራል?

ፎረንሲክ ሕክምና የሕክምና ዕውቀትን ለፍትሕ ሥራ የሚያውል ዘርፍ ነው። አንድ ሰው በድንገት፣ በአደጋ ወይም በሚያጠራጥር ሁኔታ ሲሞት፣ እንዲሁም ሲደበደብ ወይም ሲደፈር፣ ሐኪሙ በአካሉ ላይ ያገኘውን መዝግቦ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ያስረዳል።

ውኃ ውስጥ መገኘት ሁሉ መስጠም ነው?

አይደለም። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ብዙ ሰው በደንገል ታንኳ ዓሣ ያሰግራል፣ በጀልባ ይሻገራል፣ ልብስ ያጥባል፣ ይዋኛል። አስከሬን ከሐይቁ ሲወጣ «ውኃ ወሰደው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገር ግን ሟቹ፦

• በአደጋ ሰምጦ፣
• የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ተነሥቶበት ውኃ ውስጥ ወድቆ፣
• ጠጥቶ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት፣
• ራሱን አጥፍቶ፣
• በሌላ ሰው እጅ ተገድሎ ወደ ውኃ ተጥሎ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ ምን ያያል?

• አረፋ፦ በአፍ፣ በአፍንጫና በአየር ቧንቧ የሚገኝ ደቃቅ አረፋ መስጠምን ይጠቁማል፤ ነገር ግን በሌላ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል።
• ሳንባ፦ የሰመጠ ሰው ሳንባ ብዙውን ጊዜ ያበጠና ውኃ ያዘለ ነው።
• የእጅና የእግር ቆዳ መጨማደድ፦ አካሉ ውኃ ውስጥ መቆየቱን እንጂ መስጠሙን አያሳይም።
• ቁስል፦ ዓለት፣ የጀልባ ሞተር ወይም ዓሣ ከሞት በኋላ ያደረሰው ቁስል በሕይወት ሳለ ከደረሰው ይለያል። አንገት ላይ የመታነቅ ምልክት መኖሩም ይፈተሻል።
• ዳያተም፦ በሐይቅ ውኃ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ አልጌዎች ናቸው። ሰውየው እየተነፈሰ ከሰመጠ በደም አማካኝነት እስከ አጥንት መቅኔ ሊደርሱ ይችላሉ። ውጤቱ አጋዥ እንጂ ብቻውን ወሳኝ አይደለም።

መስጠምን ብቻውን የሚያረጋግጥ አንድ ምልክት የለም። ሐኪሙ ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ አጣርቶ ነው የሚደርስበት።

እርስዎ ምን ማድረግ አለብዎት?

• ሰውየው ገና አሁን ከውኃ ከወጣና የማይተነፍስ ከሆነ ስለ ማስረጃ አያስቡ። ወዲያውኑ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ይስጡ፣ ደረቱን ይጫኑ፣ እርዳታ ይጥሩ።
• መሞቱ ከተረጋገጠ ፖሊስ ሳይደርስ አስከሬኑን አያጥቡ፣ ልብሱን አይቀይሩ።
• ሟቹ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ ሕመም እንደነበረበትና የሚወስደውን መድኃኒት ለሐኪሙ ይንገሩ።
• ቀብርን ቶሎ መፈጸም ባህላችን ስለሆነ መዘግየቱ ከባድ ነው። ሆኖም ከተቀበረ አስከሬን ማውጣት ለቤተሰብ ሁለተኛ ሐዘን ነው፤ ብዙ ምልክትም ይጠፋል።

የፎረንሲክ ስፔሻሊስት በየሆስፒታሉ አይገኝም። ለረጅም ዘመን አስከሬን ከየክፍለ ሀገሩ ይላክ የነበረው አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው፤ ከባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ ምርመራው የት እንደሚደረግና አስከሬኑ መቼ እንደሚመለስ አስቀድመው ይጠይቁ።

በሕይወት ላሉ ተጎጂዎች

የተደፈረ ሰው ሕክምና ለማግኘት ክስ እስኪመሠረት መጠበቅ የለበትም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል። ሁለቱም በፈጠኑ ቁጥር የተሻሉ ናቸው። ከተቻለ ከምርመራው በፊት ገላዎን አይታጠቡ፤ ልብሱን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይያዙ። ታጥበው ወይም ዘግይተው ከሆነም ይሂዱ። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 552 መሠረት፣ ከመደፈር የመጣ እርግዝናን በሕግ ለማቋረጥ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው።

የሐኪሙ ቃል በፍርድ ቤት

ሐኪሙ ጉዳቱ ምን እንደሆነና በምን ሊደርስ እንደሚችል ይናገራል፤ ጥፋተኛውን የሚወስነው ዳኛው ነው። አንዳንዴ የምርመራው ውጤት «የሞት ምክንያት አልታወቀም» ሊል ይችላል። ይህ ለቤተሰብ መራራ ቢሆንም፣ በግምት ንጹሕ ሰው እንዳይታሰር ይጠብቃል።