አንኮበር የፀነሰችው ባቡር

የኢትዮጵያ የባቡር ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም ከለገሃር ወይም ከድሬዳዋ እንጀምራለን። እኔ ዛሬ ከአንኮበር ልጀምር፤ አንድም ቀን የባቡር ፉጨት ካልተሰማባት ከተማ።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ጉልበቷ ከሥሯ ካለው የንግድ መንገድ ይመነጭ ነበር። ከገደሉ ሥር በአልዩ አምባ በየዓርቡ በሚቆመው ገበያ የደጋው ቡና፣ የቆላው አሞሌ፣ የዝሆን ጥርስና፣ ለመናገር ቢከብድም፣ ሰውም ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ቅፍለቱ ከዚያ ተነሥቶ አዋሽን ተሻግሮ በአፋር በረሓ ወደ ታጁራ ይወርዳል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሀሪስ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙም በዓይናቸው ፊት የነበረው ይኸው የባሕር መንገድ ነበር። መንገዱ ግን ሰውም ከብትም ይጨርሳል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ጠብመንጃ ጭኖ ከታጁራ አንኮበር ለመድረስ አራት ወር ገደማ ፈጅቶበታል።

አልፍሬድ ኢልግ የተባለው ወጣት የስዊስ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ምኒልክ በአንኮበር ሳሉ ነው። በዚያ የጀመረው የንጉሡና የመሐንዲሱ ቅርበት ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ፍሬ አፈራ። በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለኢልግ የ99 ዓመት የባቡር ውል ሰጡት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ እንዲዘረጋ የታሰበ ነበር።

ሐሳቡና መሬቱ ግን አልተስማሙም። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲጀመር የሐረርን ተራራ መውጣት ወጪው የማይቻል ሆነ፤ ሐዲዱ በቆላው አልፎ በ1895 ዓ.ም. ገና ከተማ ያልሆነ ሜዳ ላይ ደረሰ። ድሬዳዋ ተወለደች፤ ሐረርም ጎን ቀረች። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ባቡሯ በመካከላቸው ተዋዋሉ። ባቡሩ በአዲስ ኩባንያ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም.፣ ኢልግም በ1908 ዓ.ም. አርፈው ነበርና ሁለቱም አላዩትም።

የወራቱ መንገድ የሦስት ቀን ጉዞ ሆነ። ሐዲዱ ግን ከምንጃር በስተደቡብ በአዋሽ በኩል አለፈ። በእርግጥ አንኮበር መዳከም የጀመረችው ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲሄድ ነው፤ ባቡሩ ግን የመመለሻ ተስፋዋን ዘጋው። ቀጥሎም ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የደሴን መንገድ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ዋሻ አሳልፈው ወደ ደብረ ሲና አወረዱት። በደቡብ ሐዲዱ፣ በሰሜን ጥርጊያው፤ አንኮበር መካከል ላይ ቀረች።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የማነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በዘመናችን የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር አሁንም ደጋውን ትቶ ቆላውን መረጠ። ለዚህ መሐንዲሶቹን አልወቅስም። ከደብረ ብርሃን ደጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ መውረድ በአጭር ርቀት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መውረድ ነው፤ ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። ይህም ሐዲድ መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰበት።

ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ሌላ ነው። በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ የሚያልፈው አገር ሰፊ ደጋ ነው፤ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ታማሚው በአንድ አስፋልት ላይ በሚኒባስና በአውቶቡስ ይጋፋል። ማለዳ ሄዶ ማታ የሚመለስ ሰው የሚጓዝበት ባቡር ቢታሰብ ከዚህ መስመር የተሻለ ስንት ቦታ አለ?

መሥራቱ ብቻ ግን አይበቃም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. በ34 ኪሎ ሜትር መስመር ሲጀምር ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ ዕጦት ቆሙ። ሪባን መቁረጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ባቡር ማስኬድ የየዕለት ነው።

ሐዲድ የሚያልፍበትን የሚወስን ሰው የከተሞችን ዕድሜ ይወስናል። ስለዚህ የሚቀጥለው መስመር ሲቀየስ ጥያቄው ከወደቡ ብቻ አይነሣ፤ በመንገዱ ዳር ቆሞ ማለዳ መኪና የሚጠብቀውም ሰው ይጠየቅ። አንኮበርን የጠየቃት አልነበረም።

ቸር ይግጠመን።