በመዝሙር የዳነ ዩኒቨርሲቲ

ትምህርት ቤት ማቋቋም የቸሮች ሥራ ሲሆን፥ የተቋቋመውን ማኖር ግን ብልኀትና ጥንቃቄ የሚጠይቅ መሆኑን በአሜሪካ አገር በናሽቪል ከተማ የሚገኘው የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስረዳናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊስክ የእርስ በርሱ ጦርነት ባለቀ ዓመት ሳይሞላው፥ በ1866 ዓ.ም. ከባርነት ነጻ ለወጡት ጥቁር አሜሪካውያን ተከፈተ። ማስተማሪያ ቤቶቹ የሠራዊት ሆስፒታል የነበሩ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ነበሩ። ተማሪው ድኻ፥ የረድኤቱም ገንዘብ ጥቂት ስለ ነበረ፥ በ1871 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ተቃረበ።

በዚያን ጊዜ ገንዘብ ያዡም የዜማ መምህሩም ሚስተር ጆርጅ ኋይት ነበሩ። የሣጥኑን ባዶነትና የተማሪዎቹን የድምፅ ውበት አንድ ሰው ስለሚያውቃቸው፥ ዘጠኝ ዘማሪዎች መርጠው ኦክቶበር 6 ቀን ርዳታ ፍለጋ ይዘዋቸው ወጡ። ከዘማሪዎቹ የሚበዙት በባርነት የተወለዱ ነበሩ። በየመንገዱ ማደሪያ እየተከለከሉ ተንገላቱ፤ ሆኖም የቺካጎ ከተማ መቃጠሉን በሰሙ ጊዜ ሲንሲናቲ ላይ ያገኙትን ገንዘብ ለተጎዱት ሰጡ። ኋላም «የኢዮቤልዩ ዘማሪዎች» ተብለው ዝናቸው ስለ ገነነ፥ የመጀመሪያው ጉዞ 20,000 ዶላር ያህል አስገኘ። በ1873 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። ባመጡትም ገንዘብ መሬት ተገዝቶ፥ በ1876 ዓ.ም. የኢዮቤልዩ አዳራሽ ተመረቀ። እነርሱ ግን በጉዞ ብዛት ደክመው በ1878 ዓ.ም. ተበተኑ።

እንግዲህ አንባቢው የሚያስተውለው ነገር ይህ ነው፤ የድካማቸው ዋጋ ለመሬትና ለሕንጻ ዋለ እንጂ በየዓመቱ ወለድ የሚያስገኝ በቂ ተቀማጭ አልሆነም። ሕንጻ ደግሞ ደመወዝ አይከፍልም፤ እንዲያውም ጠባቂና ጠጋኝ ይፈልጋል። ስለዚህ ችግሩ ተመልሶ መጣ።

በ1949 ዓ.ም. ሠዓሊዋ ጆርጂያ ኦኪፍ የባለቤታቸውን የአልፍሬድ ስቲግሊትዝን ስብስብ፥ 101 የጥበብ ሥራዎች፥ እንዳይሸጥ ብለው ለፊስክ ሰጡ። ዩኒቨርሲቲው ግን ገንዘብ ስላጠረው በ2005 ዓ.ም. ከሥዕሎቹ ሁለቱን ለመሸጥ ተነሣ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2012 ዓ.ም. የስብስቡን እኩሌታ ድርሻ በ30 ሚሊዮን ዶላር በአርካንሶ ክፍለ ሀገር ላለ ሙዚየም ሸጠ፤ ሥዕሎቹም በሁለቱ ቦታዎች በየሁለት ዓመቱ እንዲፈራረቁ ሆነ።

የዘር እህሉን የበላ ገበሬ ያንን ክረምት ከረኃብ ይድናል፤ ለከርሞ የሚዘራው ግን ያጣል። የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎችም በጥጋብ ዘመን ተቀማጭ ካላበጁ፥ በችግር ዘመን የሚሸጡት የሌሎችን አደራ ይሆናል።